«ካላመመ ተውት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ አፍ ውስጥ ስለሚወጣ ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ነገር

ባለፈው ሰሞን ስለ አፍ ውስጥ ነጠብጣብ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ያሳየኝ የራሴ ታካሚ ነው። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ተመላላሽ ክፍል የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ሰውዬው የመጣው ለሳል ነበር። ጉሮሮውን ለማየት አፉን ሳስከፍተው ምላሱ ጎን ላይ ነጭ ነገር አየሁ። መቼ እንደወጣ ጠየቅሁት። «እሱን ይተውት ዶክተር፤ ካላመመ ምንም እንዳልሆነ አንብቤያለሁ» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ጽሑፉን እዚያው አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደገምኩት። ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ሰው በረባ ባልረባው እንዳይሸበር፣ ያለችውንም ብር በየክሊኒኩ እንዳይበትን አስበው ነው። ይሄን እኔም እመኛለሁ። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። አፍ ውስጥ የወጣ ነገር ካላመመ አያሳስብም። ነጭ ከሆነ ምች ወይም ፈንገስ ነው፤ በዳማከሴ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ ይለቃል። ድድ ከጠቆረ ጉበት ተጎድቷል። የአፍ ካንሰር የአጫሽ በሽታ ስለሆነ የጎጃም ገበሬን አይመለከትም። በጾም የወጣ ነገር ጾሙ ሲፈታ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረት፣ ማለትም የቀዶ ጥገና ምላጭ፣ አታስነኩት፤ ብረት የነካው ይዛመታል።

አንዳንዱ እውነት አለበት። አብዛኛው ግን የሚያስፈራውን አቅልሎ፣ የማያስፈራውን አክብዶ ነው የሚነግረን። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ያንን ስልክ የያዘው ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ነበርና።

መጀመሪያ «ካላመመ አያሳስብም» የሚለውን ልውሰድ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ሲታሰብ ልክ ይመስላል። አውድማ ላይ እግራችን ቢቆረጥ የምናውቀው በሕመሙ ነው። አፍ ግን እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም አፍ ውስጥ አቃጥሎ፣ በርበሬ ሲነካው እንባ የሚያስመጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ቀላሉ ነው። ትኩስ ሽሮ ያቃጠለው ጉንጭ፣ ተነክሶ የቆሰለ ምላስ፣ ያለ ምክንያት ብቅ የምትል ትንሽ ክብ ቁስል። እነዚህ ያማሉ፤ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይድናሉ። ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችለው ለውጥ ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አያምም። ካንሰሩም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ዝም ሊል ይችላል። ሕመሙ የሚመጣው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። «ሲያመኝ እሄዳለሁ» ያለ ሰው፣ ሳያውቀው፣ እስኪረፍድ ለመጠበቅ ተስማማ ማለት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አክስቴ ቢቸና በኩል ገጠር ነው የምትኖረው። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ጥምቀት ልትጠይቀን መጣች። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሲቀርብ፣ በቀኝ ጉንጯ ብቻ ስትቆረጥም አየኋት። «ምነው እትዬ፣ ጥርስሽን ያምሻል?» አልኳት። «ኧረ አያመኝም። ምላሴ ላይ ስልባቦት የተለጠፈብኝ ይመስለኛል። በጣቴ ብፈገፍገው አይለቅ» አለች።

ወደ በሩ ወስጄ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙሬ ምላሷን አስወጣኋት። በግራ በኩል፣ ጠርዙ ላይ ነው። ባቄላ የሚያክል ነጭ ቦታ፤ መኻሉ ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነበት የመሰለ ነጠብጣብ። በንጹሕ ፋሻ ጠረግሁት፤ አልተነሣም። መቼ እንዳየችው ስጠይቃት «መስቀል ሳይደርስ» አለችኝ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ወደ 4 ወር ነው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ አንድ ክሊኒክ ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ አፏን አስከፍቶ ያያት የለም። የአፍ መጉመጥመጫና ኪኒን ሰጥተው ሸኟት። እሷም «ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ» ብላ ተወችው። የሷን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሕመም መለኪያ ካልሆነ መለኪያው ምንድን ነው? ጊዜ ነው። የአፋችን ውስጠኛ ሽፋን ከቆዳችን ይልቅ ቶሎ ይታደሳል። ለዚህ ነው የአፍ ቁስል ከእግር ቁስል ቀድሞ የሚድነው። ስለዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነገር፣ ምክንያቱ ሲወገድ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ወይ ይጠፋል ወይ በግልጽ ይቀንሳል። 2 ሳምንት አልፎት እዚያው ካለ መታየት አለበት፤ ቢያምም ባያምም። 3 ሳምንት ያለፈው ደግሞ ሌላ ዙር ኪኒን ተሰጥቶት የሚሸኝ አይደለም። ከእኛ በላይ ወዳለው ሐኪም መላክ አለበት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ምክንያቱ ያልታወቀ የአፍ ቁስል ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላክ ይላል።

ቀጥሎ «ነጭ ሁሉ ምች ወይም ፈንገስ ነው» የሚለው። እዚህ ላይ ዘለግ ማለቴ ነው፤ ስሕተቱ ብዙ ቤት የገባ ነውና።

ምች የምንለው ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ቅርፊት ሠርቶ የሚድነው ነገር በአብዛኛው ከቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ፀሐይ ሲበረታ፣ ትኩሳት ሲኖር ወይም ሰውነት ሲደክም ይነሣል። ፀሐይ መታኝ ያሉት ወላጆቻችን ያዩትን ነው የተናገሩት። ሆኖም በ10 ቀን ገደማ በራሱ ይድናል። ዳማከሴ ቢቀቡትም ባይቀቡትም። አክስቴም ጓሮዋ ዳማከሴ አላት፤ ጨምቃ ስትሰጠኝ አደግሁ። ጥላቻ የለኝም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምች ቅርፊቱ ወድቆ ይድናል። ለወር የሚቆይ ነጭ ነገር ምች አይደለም።

ፈንገስ ደግሞ በፋሻ ሲጠረግ ይነሣል። እርጎ የተረጨ ይመስላል፤ ሲነሣ ሥሩ ቀይ ሆኖ፣ አንዳንዴም ደም ቋጥሮ ይታያል። ጡት በሚጠባ ሕፃን ላይ የተለመደ ነው። ጠብታ መድኃኒት አለው፤ እናትየውም የጡቷ ጫፍ አብሮ ይታከማል። ትልቅ ሰው ላይ ሲወጣ ግን «ፈንገስ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ለምን ወጣ? ስኳር አለበት? ለአስም የሚነፋ መድኃኒት እየወሰደ ነው? ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስዷል? ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያወልቅ ያድራል? ወይስ ኤችአይቪ ኖሮበት ሳያውቀው ቆይቷል? ፈንገሱን አጥፍቶ ጥያቄውን መተው ጭሱን አባርሮ እሳቱን እንደመተው ነው።

በፋሻ የማይነሣው ነጭ ሌላ ነው። ከእሱም ቢሆን ብዙው አያስፈራም። የተሰበረ ጥርስ ደጋግሞ የሚፍቀው ጉንጭ ወይም ምላስ እንደ ዶማ እጀታ የያዘ መዳፍ ይጠነክርና ይነጣል። ጥርሱ ሲስተካከል ይለቃል። በሁለቱም ጉንጭ ደብዘዝ ያለ ግራጫማ ንጣት ካለና ጉንጩን በጣት ወጠር ሲያደርጉት የሚጠፋ ከሆነ ተፈጥሮ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች በብዛት ይታያል። ምላስ ላይ ካርታ የመሰለ ቀይና ነጭ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚዞር ነገርም አለ። መልኩ ያስፈራል፤ ግን ጉዳት የለውም። ጉንጭ ላይ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተሳሰሩ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ሲሆኑ ግን ሐኪም ሊያያቸውና ሊከታተላቸው ይገባል። ምላስ ጎን ላይ ቀጥ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ጠጉር መሰል ነጭ ሽንትር ከሆነ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ከአንዱም ካልሆነ፣ ምክንያት ካልተገኘለት፣ ያኔ ሐኪሞች ሉኮፕላኪያ የሚሉት ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ወደ ካንሰር አይለወጡም። ጥቂቶቹ ይለወጣሉ። የትኛው እንደሚለወጥ ግን በዐይን አይታወቅም። የኔ ዐይን አይለየውም፤ የፕሮፌሰርም ዐይን ቢሆን ያለ ናሙና፣ ማለትም ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ሳይመረመር፣ እርግጡን አይናገርም።

ጽሑፉ ነጭን ሲያብራራ ስለ ቀይ አንዲት ቃል አልጻፈም። ይህ ጉድለት ከስሕተቶቹ ሁሉ ይብሳል። አፍ ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ የሆነ ቀይ ቦታ ከነጩ ይልቅ አደገኛ ነው። ናሙናው ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ካንሰር ወይ የካንሰር መንገድ የጀመረ ሴል ይገኝበታል። ነጭና ቀይ የተቀላቀለውም፣ ያ ቀይ ጤፍ የተበተነበት፣ ከነጩ የከፋ ነው። ሰው ግን ቀይ ነገር አፉ ውስጥ ሲያይ «በርበሬ ፈጅቶኝ ነው» ይላል።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱና አረቄው ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ድድ ላይ ማሰር ቆዳውን ያቃጥላል። የተቃጠለው ነጭ ሆኖ ይላጣል። አስፕሪን ፈጭቶ የታመመ ጥርስ አጠገብ ማድረግም እንዲሁ ነው። አረቄ ይዞ መጉመጥመጥም ሽፋኑን ይልጠዋል። አንድ እናት ጉንጯ ሙሉ ነጭ ሆኖ መጥታ ምን እንደነካት ሳጣራ፣ ለጥርስ ሕመም ሦስት ሌሊት ነጭ ሽንኩርት አስራ ነው ያደረችው። በሽታው የጥርስ ነበር፤ ነጩ ግን ከመድኃኒቱ የመጣ ነበር። ሌላም አለ። ብዙ ቤት ጂቪ አለ፤ ያ ሐምራዊ ቀለም። አፉን በጂቪ ቀብተውት የሚመጣ ሰው አለ። ያኔ ነጩም ቀዩም ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ምንም ማየት አልችልም። ለመታየት ስትመጡ ምንም ሳትቀቡ ኑ።

የጠቆረ ድድ ጉዳይ ላይ ጸሐፊው በተቃራኒው ሰውን አስፈራርተዋል። ጥቁር ድድ የጉበት ምልክት አይደለም። ጉበት ሲታመም የሚታየው ቢጫነት ነው፤ ዐይን ነጩ ላይና ምላስ ሥር። የአብዛኛው ሰዋችን ድድ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠቆር ያለ ነው። ቆዳችንን ያጠቆረው ቀለም ነው ድዳችንንም ያጠቆረው። በግራም በቀኝም ተመጣጣኝ ሆኖ፣ ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ ከሆነ እሱ እናንተ ናችሁ፤ በሽታ አይደለም።

ደግሞ የጎጃም ሰው ሆኖ ንቅሳትን መርሳት እንዴት ይቻላል? አያቶቻችን፣ ብዙ እናቶቻችንም ድዳቸውን ተነቅሰዋል። በመርፌ እየወጉ ጥላሸት ያስገቡበታል። ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ እንዲያበራ ነው፤ ድድ ያጠነክራል የሚሉም ነበሩ። የአክስቴም ድድ ተነቅሷል፤ ስትስቅ እስከ ዛሬ ያምራል። ያን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት ባልቴት ጉበቷን ልትመረመር ብር ስትበደር ይታየኝና ያመኛል። ንቅሳት ያለበት ሰው ለሐኪሙ «ይሄ ንቅሳት ነው» ብሎ ከነገረ በቂ ነው። ዛሬ ልትነቀስ ላሰበች ወጣት ግን የምነግራት አለ። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ከዋለ ኤችአይቪንም የጉበት ቫይረስንም ያስተላልፋል።

ጥቁር ነገር የሚያሳስበው አዲስ ሲሆን ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድድ፣ ጉንጭና ምላስ እየጠቆረ ከመጣ፣ የመዳፍ መስመርና የድሮ ጠባሳም አብሮ ከጠቆረ፣ ሰውየው ከከሳ፣ ከደከመና ሲነሣ የሚያዞረው ከሆነ ይህ አዲሰን የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ከኩላሊት በላይ የምትቀመጥ ዕጢ ስትጎዳ የሚመጣ ነው። ዕጢዋን ከሚጎዱት አንዱ ቲቢ ነው። ይህ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ሰው ሥራውን እየሠራ ይኖራል። አንዲት ብቻዋን የወጣች፣ ጠርዟ የተዛነፈ፣ እየሰፋች የምትሄድ ጥቁር ነጥብ፣ በተለይ ላንቃ ወይም የላይኛው ድድ ላይ፣ ሳይውል ሳያድር መታየት አለባት። ላንቃ ላይ የወጣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገርም የኤችአይቪ ምርመራ ይጠይቃል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። የተሞላ ጥርስ አጠገብ ያለች ሰማያዊ ግራጫ ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ ከሙሌቱ ብረት የገባች ናት። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ጠጉር ያበቀለ የመሰለ ጥቁር ምላስም በመቦረሽ ይለቃል።

«የአፍ ካንሰር የአጫሽ በሽታ ነው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ትንባሆ ትልቁ መንስኤ መሆኑ አያጠራጥርም። ቢጨስም፣ በሱረት መልክ ቢወሰድም። ጎጃም ውስጥ ሲጋራ እንደ ነውር ስለሚታይ የሚያጨስ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ይህም መልካም ነው። ግን አረቄስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ለሰው ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ አፍና ጉሮሮም ከተጠቀሱት ውስጥ ናቸው። ዳግም አረቄን በየማለዳው የሚጠጣ ሰው «እኔ አላጨስም» ብሎ መተኛት የለበትም። የሚያጨስና የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት ይበቅላል፤ የሚቅመውም ብዙ ነው። በሚቅሙበት ጉንጭ በኩል ነጭ ነገር መውጣቱ የታወቀ ነው። እሱም መታየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አክስቴ አለች። አጭሳ አታውቅም። አረቄ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ጫት የምታውቀው በስሙ ነው። የአፍ ካንሰር እንደ እሷ ያለውንም ሰው ይይዛል፤ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ። «የእነ እንትና በሽታ ነው» ማለት የራስን አፍ እንዳያዩ ያደርጋል።

የጾሙን ነገር ባጭሩ። ጾም ራሱ አፍ ውስጥ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር አያወጣም። ሰውነት የብረት ማዕድንና ቫይታሚን ቢ12 ሲያንሰው ግን ምላስ ሊገረጣ፣ ሊላጥ ወይም ሊቀላ ይችላል፤ የከንፈር ጥግም ይሰነጠቃል። እሱ ደም ማነስ ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሰሞን የታየ ነገር እስከ ፋሲካ ይጠበቅ ከተባለ ወደ 8 ሳምንት ሆነ ማለት ነው። አፍ ማሳየት ጾም አይሽርም።

የመጨረሻው የብረቱ ነገር ነው። «ብረት የነካው ይዛመታል»። ይህን ከጸሐፊው ብቻ አልሰማሁትም። በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አክስቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ሪፈር ተብላ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ስነግራት እጄን ይዛ «ልጄ፣ ሁሉን እሺ እልሃለሁ፤ ብረት ግን አታስነካኝ። እነ እገሌን ብረት ነክቷቸው ዓመት አልቆዩም» አለችኝ።

የምትላቸውን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። እውነቷን ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ አልቆዩም። ግን መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የደረሱት? አንገታቸው ላይ ዕብጠት ወጥቶ፣ አፋቸው አልከፈት ብሎ፣ ምግብ አልዋጥ ካላቸው በኋላ ነው። በሽታው ከተሰራጨ ቆይቷል። ብረቱ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ስሙ የከፋው ግን የብረቱ ነው። ቀድመው መጥተው፣ ትንሿ ነገር ተቆርጣ ወጥታ፣ ቤታቸው ገብተው እርሻቸውን የሚያርሱትን ደግሞ ማንም አያወራላቸውም። በሽታቸው ስላልታየ «ብረት ነክቶት ዳነ» የሚል ወሬ አይወጣም። ፍርሃቱ የተወለደው ከመዘግየት ነው፤ ተመልሶም ሰውን ያዘገያል። አፍ ውስጥ ካለ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም። ምን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድም እሱ ነው።

አክስቴን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ወዳለ ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «እማማ፣ እንደ ጉንዳን ንክሻ ትንሽ ይቆነጥጥዎታል፤ ከዚያ ምንም አይሰማዎትም» አለቻት። ማደንዘዣውን ወጋቻት። ትንሽ ጠብቃ የምስር ክክ የምታክል ቁራጭ ወሰደች። ሁለት ቦታ ሰፋችው። ፋሻ አስነከሰቻት። ሩብ ሰዓት አልሞላም። አክስቴ ፋሻውን እንደነከሰች ዐይኗን ወደ እኔ አዞረችና በእጇ «አለቀ?» የምትል ምልክት አሳየችኝ። የዚያን ቀን የበረደ አጥሚት ጠጣች፤ በማግሥቱ እንጀራ በላች።

ውጤቱ ሳምንታት ወሰደ። ያ ጊዜ ከባድ ነበር፤ አልዋሽም። ሲመጣ ሴሎቹ መለወጥ ጀምረዋል፤ ካንሰር ግን ገና አልሆኑም የሚል ነበር። ቦታው በሙሉ ተቆርጦ ወጣላት። እንዲህ ያለው ነገር ሊመለስ ስለሚችል ክትትል አላት፤ መጀመሪያ በየ3 ወሩ፣ አሁን በየ6 ወሩ። እስከ ሕመሙ ጠብቃ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚጻፍ ማሰብ አልፈልግም።

አፋችሁን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በመስታወት። የስልክ ባትሪ ቀለሙን ያዛባል፤ ፀሐይ ይሻላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ። ከንፈርን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጉንጭን በማንኪያ እጀታ ገለል አድርጉ። ምላስን በንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳቡት። የምላስ ጎንና የምላስ ሥር ከሁሉ የሚሸሸጉ፣ ከሁሉም በላይ መታየት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። የሆነ ነገር ካያችሁ ቀኑን ጻፉ፤ ፎቶ አንሡት፤ በሳምንቱ ደግማችሁ አንሡት። ለሐኪሙ ከአፍ ቃል ይልቅ ሁለቱ ፎቶዎች ይረዱታል።

2 ሳምንት መጠበቅ የማይገባበትም ጊዜ አለ። አንገት ላይ የማያምም ጠንካራ ዕብጠት ካለ፣ አፍ እንደ ወትሮው መከፈት ካቃተው፣ ምላስ ወይም ከንፈር ከደነዘዘ፣ ያለ ምክንያት ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ቦታው ከጠነከረ ወይም ያለ ነገር ከደማ በዚያው ሰሞን ኑ። የተነቀለ ጥርስ ጉድጓድ አልድን ካለም እንዲሁ። ቅርባችሁ ጤና ኬላ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። ከእኛ በላይ ደግሞ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። መንገዱ ሁልጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ቀድሞ መነሣት የሚሻለው። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። የሚያያችሁ ባለሙያ አፋችሁን ሳያስከፍት ወረቀት መጻፍ ከጀመረ «እባክህ አንድ ጊዜ እየው» በሉት። አትፈሩ፤ መብታችሁ ነው። ከመውጣታችሁ በፊትም «በስንት ቀን ካልጠፋ ልመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን ይሰርዙ አልልም። ስለ ብረት የጻፉትን መስመር ብቻ ያውጡት፤ ስለ ሕመም የጻፉት ቦታም «2 ሳምንት» የምትል ቃል ያስገቡበት።

ያ ስልኩን ያሳየኝ ሰውዬ ደግሞ፣ ከነጩ ነገር ትይዩ የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ አለው። ቆሎ ነው የሰበረው። ጠርዙ ስለት ሆኖ ምላሱን ይፍቀዋል። የጥርስ ባለሙያ ጋ ልኬው ጠርዙ ተሞረደለት። ከ2 ሳምንት በኋላ እንዲመለስ ቀጠርኩት፤ ቀኑን በራሱ ስልክ ላይ አስጻፍኩት። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ከጠፋ ተመስገን። እዚያው ካለ የሪፈር ወረቀቱን እጽፍለታለሁ።